የፖቻምፓሊ ሐር የእጅ ሥራ ይባላል ወይ? ሞተር የታየበት ቤትና 25 ምላሾች

ይህን ጥያቄ አንድ የውይይት መድረክ ላይ የለጠፈችው እናቷን ለሕክምና ይዛ ሃይደራባድ የሄደች ሴት ናት። በሁለት የሐኪም ቀጠሮ መካከል ባዶ ቀን አገኘችና ፖቻምፓሊ ወረደች። ፖቻምፓሊ በደቡብ ሕንድ፣ በቴላንጋና ግዛት ያለች የሸማኔዎች መንደር ናት። ከሃይደራባድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አንድ ቤት ገባች። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ እየሸመነ ነው። ሻይ ቀረበላት። ለእህቷ ሰርግ የሚሆን የሐር ሳሪ መረጠች፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ከፈለች። ልትወጣ ስትል ከመጋረጃ ጀርባ ሞተር ጮኸ። ገለጥ አድርጋ ብታይ፣ ክር እያመላለሰ የሚጠመጥም የኤሌክትሪክ ማሽን። ባለቤቱ ፈጠን ብሎ መጋረጃውን መለሰው።

ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ተሸውጃለሁ ወይ? ከሥሩ ግን አንድ ድምዳሜ ጨምራለች። ማሽን ባለበት ቤት የተሠራን ጨርቅ የእጅ ሥራ ብሎ መሸጥ ማታለል ነው ብላለች። ሰውን ያነሣሣችው ይቺ ነገር ናት። ምላሹ 25 ደረሰ። ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይም ወሬ ይበዛበታል። ስለዚህ ቁጥራቸውን እየጠራሁ ልተርክላችሁ። አንዳንዱን በአንድ ትንፋሽ አልፈዋለሁ፣ አይከፋችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ቁጥር 1 ስለ ጨርቁ ምንም አላለም። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ ብሎ፣ የሳሪውን ፎቶ ለጠየቀው ሁሉ እንድታሳይ ለምኖ ወጣ። ቁጥር 2 ደግሞ ሳሪውን ትቶ ሕክምናው ስንት እንደፈጀ ጠየቀ። አባቱን ሊወስድ ያስባል መሰለኝ። በውስጥ መስመር ተጻጻፉ፤ ደግ ነው።

የመጀመሪያው ቁም ነገር ቁጥር 3 ላይ መጣ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ፣ አልታወቀኝም፣ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። ጨርቁን ገልብጪው አለ። የፖቻምፓሊ ሥራ ኢካት የሚባለው ነው። ክሩ ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ ቀለም ይነከራል። ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስለገባ የጨርቁ ፊትና ጀርባ አንድ ዓይነት ነው። ታትሞ የመጣ አስመሳይ ጨርቅ ከሆነ ጀርባው ይገረጣል። ሁለተኛው ምልክት የስዕሉ ጠርዝ ነው። በኢካት የስዕሉ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ትንሽ ይርገበገባል፣ የተነካካ ቀለም ይመስላል። ሦስተኛው፣ በጨርቁ ግራና ቀኝ ዳር ላይ ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ሸማኔው ጨርቁ እንዳይሰበሰብ ወጥሮ የሚይዝበት መሣሪያ የተወው ምልክት ነው። ይህን ብሎ ስለ ሞተሩ አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ። ነጋዴ ነው፤ ፍርድ ውስጥ አይገባም።

ቁጥር 4 የተቆጣ ሰው ነው። ፖቻምፓሊ በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ መሆኗን አነሣ። ሽልማት የገባበት መንደር ሁሉ ቲያትር ይሆናል ባይ ነው። አንድ ሰው በር ላይ ተቀምጦ ለፎቶ ይሸምናል፤ የሚሸጠው ግን ከከተማ ፋብሪካ የመጣ ነው። ሄዶ አይቶ እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ሄዶ ያየ አልመሰለኝም።

ቁጥር 5 በጨዋ ቋንቋ ያዘው። በዚያው ዝርዝር ላይ የእኛዋ ወንጪም አለች አለ። ሐይቁም ለፎቶ የተሞላ ነው ልትለን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 4 ለጊዜው ጠፋ።

ቁጥር 6 የውይይቱ ምሰሶ ነው። ሃይደራባድ ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። እዚያ ከተማ ብዙ የእኛ ተማሪዎች እንደነበሩ የሚያውቅ ያውቃል። ይሄ ሰው ከክፍል ጓደኛው ቤተሰብ ጋር የሸማኔ ቤት እየሄደ ይውል ነበር። ሥራውን ከመጀመሪያው አስረዳ። ሐሩ ይገዛል፤ እነሱ አይፈትሉትም። ከዚያ ስዕሉ ባለካሬ ወረቀት ላይ ይሰላል። የትኛው ክር የት ላይ ቀይ፣ የት ላይ ነጭ እንደሚሆን እዚያ ይወሰናል። ክሩ በዚያ ልክ ተደርድሮ፣ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ቦታ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ላስቲኩ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣው ነው። ቀለም ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ይፈታል፣ ሌላ ቦታ ይታሰራል፣ እንደገና ይነከራል። መሸመን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን በላከ ቁጥር ማጉ ስዕሉ ላይ በትክክል ማረፉን ያያል፤ ካላረፈ በጣቱ ሳብ ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ መሐል ግን ማንም ጎብኚ የማያየው አንድ ሥራ አለ። ስሙ አሱ ይባላል። ማጉ ከመታሰሩ በፊት በግማሽ ክብ በተደረደሩ ችካሎች ላይ አንድ በአንድ ይጠመጠማል። አንድ ሰው ክሩን ይዞ ከመሐለኛው ችካል ወደ ዳሩ፣ ከዳሩ ወደ መሐል እጁን ያመላልሳል። ለአንድ ሳሪ 9,000 ጊዜ ያህል። አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ክሩ ፀጉር ያህል ስለሆነ ዓይንም ከእጁ ጋር ይመላለሳል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የሸማኔው ሚስት፣ እናት፣ ልጅ። በቀን ሁለት ሳሪ ከተፈለገ 18,000 ጊዜ ማለት ነው። ትከሻቸው ያልቃል። ቁጥር 6 የጓደኛውን እናት ያስታውሳል። ማሰሮ ከመደርደሪያ ለማውረድ ልጇን ትጠራ ነበር።

ያ ሞተር፣ ይላል ቁጥር 6፣ አሱ የሚሠራው ማሽን ነው። የዚያው አካባቢ የሸማኔ ልጅ የሆነው ቺንታኪንዲ ማሌሻም እናቱ ሲሠቃዩ አይቶ የፈለሰፈው ነው። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ የወጣ ሰው ነው። ምህንድስና አልተማረም። ማሽኑን በእናቱ ስም ላክሽሚ አሱ አለው። አራት አምስት ሰዓት የሚፈጀውን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አወረደው። ስለዚህ እህቴ አልተሸወድሽም፤ የሸመነው እጅ ነው፤ የዳነው ደግሞ ትከሻ ነው ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 7 አራሚ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየውይይቱ አይጠፋም፤ አንዳንዴም ይጠቅማል። ማሌሻም የፖቻምፓሊ ሰው ሳይሆን እዚያው ወረዳ አካባቢ ያለችው የሻራጂፔት ልጅ ነው አለ። ሙከራውን የጀመረው በ1992፣ ያሳካው በ1999 ነው። በመሐሉ ያሉት ዓመታት የብድርና የጎረቤት ሳቅ ዓመታት ነበሩ። የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት የሰጠው በ2017 ነው። ቁጥር 6 አመስግኖ ተቀበለ።

እዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባል ነበር። ቁጥር 8 ላይ ነገሩ ተለወጠ። ይሄኛው የንጽሕና ሰው ነው። ማሽን ማሽን ነው ባይ ነው። ዛሬ ለጥምጠማው ሞተር ከተፈቀደ ነገ ለመሸመኛው ይፈቀዳል፤ ከነገ ወዲያ ሸማኔው ራሱ አያስፈልግም። ጋንዲንም ጠቀሰ። ጋንዲ ለሕንድ ያስተማረው እጅ የነካው ጨርቅ ክብር እንዳለው ነው፤ ይሄ ደግሞ የጋንዲን መንገድ መካድ ነው አለ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። አነጋገሩ ግን ፍርድ ቤት የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

ቁጥር 9 እርስዎን ትቶ አንተ አለው። ጋንዲ የሰበከው ካዲ ነው፤ ካዲ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ነው። የፖቻምፓሊ ሐር መቼም የካዲ መሥፈርት ገብቶ አያውቅም፤ ክሩ ተፈትሎ ነው የሚገዛው። ጋንዲን ከመጥራትህ በፊት የጠራኸው ነገር ምን እንደሆነ እወቅ አለው። ቀጥሎም እንዲህ ሲል ጨመረ፤ ሸማኔው ገመድ ስቦ የሚልካት መወርወሪያ ራሷ በ1733 እንግሊዛዊው ጆን ኬይ የፈለሰፋት ናት። በጊዜው ሥራ ቀሚ ማሽን ተብላ ተጠልታለች። አንተ ግን ዛሬ ጥንታዊ ብለህ ፎቶ ታነሣታለህ። ትንሽ ከረር ያለ ነው፤ ነጥቡ ግን ያዘ።

ቁጥር 10 የሕግ ሰው ይመስላል። ስሜት የለበትም። ሕንድ በ1985 አንዳንድ የጨርቅ ዓይነቶች በእጅ መሸመኛ ብቻ እንዲሠሩ የሚደነግግ ሕግ አወጣች። ዛሬ በዚህ ሕግ ሥር 11 ዓይነት ጨርቆች አሉ፤ ሳሪም አንዱ ነው። ሕጉ የእጅ መሸመኛ የሚለው በኤሌክትሪክ ከሚሠራ መሸመኛ ውጭ ያለውን ነው። ጥያቄው ስለ መሸመኛው ብቻ ነው ማለት ነው። ክሩ በምን እንደተጠመጠመ አይጠይቅም። ስለዚህ በሕጉ ዓይን ያ ሳሪ የእጅ ሥራ ነው፤ ነገሩ አለቀ። ለቁጥር 8 ሥጋት ግን ዕውቅና ሰጠ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ በከፊል በሞተር የሚሠራ መሸመኛም እንደ እጅ መሸመኛ ይቆጠር የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። ሸማኔዎቹ ራሳቸው ተቃወሙ። መስመሩ የት እንደሚሰመር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አሱ ማሽኑን ደስ ብሏቸው ገዙ፤ መሸመኛው ላይ ሞተር ሲመጣ ግን እምቢ አሉ። ለእኔ ከውይይቱ ሁሉ በጣም የሚያስተምረው ይሄ ነው። ማንም ግን መውደድ አልጫነለትም።

ከዚያ ቁጥር 11 መጣች። እናቷ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ ክር ትፈትል የነበረች ሴት ናት። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሸማ ሲሞገስ የሚሞገሰው ሸማኔው ነው። ጥለቱን ማን ሠራው ይባላል፤ ፈትሉን ማን ፈተለው የሚል የለም። እናቷ እንዝርት ስታሾር ዕድሜዋን ጨረሰች። ዛሬ ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሣት አትችልም። ቁጥር 8ን በቀጥታ ተናገረችው። እጅ የነካው ጨርቅ ትላለህ፤ የማን እጅ? አንተ የምትወደው እጁን ሳይሆን ሕመሙን ነው። ሰው ካልጎበጠ የእጅ ሥራ አይመስልህም። ያቺ ሞተር ለአንተ ርኩሰት ከሆነች፣ ና እና አንድ ቀን 9,000 ጊዜ እጅህን አመላልስ። ከዚያ በኋላ ስለ ንጽሕና እናወራለን።

ከዚህ በኋላ ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም። ቁጥር 8 መልስ አልሰጠም። እኔም ብሆን የምመልሰው የለኝም ነበር።

ዝምታውን የሰበረው ቁጥር 12 ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ጻፈ፤ ሌላ ምንም የለም። ስለ ሸማኔ ሲወራ ይቺን ተረት ሳይጥል የማያልፍ ሰው መቼም አይጠፋም።

ቁጥር 13 ወደ ቤተ መቅደስ ወሰደን። የፖቻምፓሊ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ፓድማሻሊ የሚባሉ ናቸው። የዘር አባታቸው አድርገው የሚቆጥሩት ከማርካንዴያ ወገን የሆነውን ባቫና ሪሺን ነው። በአፈ ታሪካቸው ለአማልክቱ ልብስ የሸመነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ክሩንም ያገኘው ከሎተስ አበባ ነው። ስለዚህ ሽመና ለእነሱ ከአምልኮ የተለየ ሥራ አይደለም። እዚያው ወረዳ ውስጥ ያዳጊሪጉታ የሚባል ትልቅ የተራራ ቤተ መቅደስ አለ። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ አንበሳ የሆነው ናራሲምሃ የሚመለክበት ነው። ከ2016 ጀምሮ በጥቁር ድንጋይ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጋቢት 28 ቀን 2022 ተከፈተ። ፖቻምፓሊ የሚሄድ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይችላል። በዚያው ወረዳ ኮላኑፓካ የሚባል፣ ጄይን የተባለው የሕንድ ሃይማኖት ጥንታዊ ቤተ መቅደስም አለ፤ ጸጥ ያለ ነው።

ቁጥር 14 ሴት ናት፤ ደስ የሚል ገጠመኝ ጻፈች። ያዳጊሪጉታ ስትደርስ ሳታስበው ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋንም አጣፍታ ነበር። በር ላይ የቆመው ሰው ከየት እንደመጣች ጠየቃት። እንግዶች ጫማ አውልቁ እየተባሉ ሲጨቃጨቁ ያይ ነበርና ማንም ሳይነግራት ማውለቋ ገርሞታል። ደግሞ የዐቢይ ጾም ነበር። ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ ለማግኘት ከሃይደራባድ ይልቅ አዲስ አበባ ያስቸግራል ትላለች። ይሄ ላይ ትንሽ ያጋነነች ይመስለኛል፤ ሕንዶቹ ቅቤና እርጎ የማይጨምሩበት ምግብ ስንት አለ?

ቁጥር 15 የአንበሳውን ነገር አንሥቶ ከይሁዳ አንበሳ ጋር ሊያገናኝ ሞከረ። የመድረኩ አስተባባሪ ወዲያው ገባና ሃይማኖት የማወዳደሪያ ቦታ ሌላ ነው ብሎ ዘጋው። ጎበዝ።

ቁጥር 16 ላይ ያ የተቆጣው ቁጥር 4 ተመለሰ። አሁን ሌላ ክስ ይዞ ነው። የሺህ ዓመት ባህል እያሉ የሚሸጡት ውሸት ነው አለ። የሚገርመው ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። ቁጥር 17 ታሪኩን ዘረዘረ። በፖቻምፓሊ የኢካት ሥራ የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። የመጣው ከባሕር ዳርቻዋ ከቺራላ ነው። ቺራላ ውስጥ ቴሊያ ሩማል የሚባል ካሬ ጨርቅ ይሠራ ነበር። ክሩ በዘይትና በጉሎ ፍሬ ቅርፊት አመድ ስለሚታሽ ሽታው ራሱ የዘይት ነው። ቀለሙ ሦስት ብቻ፤ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ። ብዙው የሚጫነው ወደ ዓረብ አገሮች ነበር፤ ወንዶቹ ራሳቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ሙቀት የሚያበርድ ነው ይሉታል። ያ ጥበብ ወደ መሐል አገር ገባ፣ ፖቻምፓሊዎች ወደ ሳሪ ከዚያም ወደ ሐር ለወጡት። ቴሊያውን ዛሬ አጥብቃ የያዘችው ጎረቤቷ ፑታፓካ ናት። ለዚህም በ2020 የሥፍራ ስም ጥበቃ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተሠራ ጨርቅ በስሙ እንዳይሸጥ የሚከለክል መብት፣ አግኝታለች። ፖቻምፓሊ የራሷን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይዛለች። የሺህ ዓመት አይደለም፤ የመቶ ዓመት ነው። እና መቶ ዓመት አይበቃም ወይ ብሎ ቁጥር 17 ጠየቀ። በእኔ በኩል ይበቃል።

ቁጥር 18 ከጨርቅ ወጥቶ መሬት ላይ አረፈ። የመንደሯ ሙሉ ስም ቡዳን ፖቻምፓሊ ነው። ቪኖባ ባቬ የተባለው የጋንዲ ተከታይ ሚያዝያ 18 ቀን 1951 እዚያ ደረሰ። ቴላንጋና በዚያን ጊዜ የገበሬ አመፅ ገና ያልበረደባት ነበረች። መሬት የሌላቸው 40 ቤተሰቦች 80 ኤከር ጠየቁ። ቪኖባ ከመንደሩ ሰው ማን ይሰጣል አለ። ራማቻንድራ ሬዲ የተባለ ባለመሬት ተነሥቶ 100 ኤከር ሰጠ። ከዚያ የመሬት ስጦታ ንቅናቄ ተወለደ። ቪኖባ ሕንድን በእግሩ እየዞረ ሲለምን ዓመታት ቆየ። ከ4 ሚሊዮን ኤከር በላይ ቃል ተገባለት።

ቁጥር 19 ይህን እንዳየ ወደ እኛ ጎተተው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በአዋጅ ከሆነው ጋር አወዳደረ። የሕንዶቹ በፍቅር፣ የእኛ በጠመንጃ ሆነ ብሎ አዘነ። ከሥሩ ሌላ ሰው ገባና፣ ያ ቁጥር 20 ነው፣ ቃል የተገባው መሬት ብዙው ድንጋያማና ክርክር ያለበት ነበር፤ በልመና የመጣ መሬት ስንቱ ጭሰኛ እጅ ገባ ብሎ አፋጠጠው። አያቱ ጭሰኛ ነበሩ። አዋጁን በሬዲዮ የሰሙበትን ቀን እስኪሞቱ ያወሩ ነበር። ሁለቱ በአስተያየት መስጫው ሥር ስድብ ቀረሽ ክርክር ገጠሙ። አስተባባሪው ሁለተኛ ጊዜ ገባ። እኔ ለቁጥር 20 አደላለሁ፤ ግን ጨርቁን የረሳነው እኮ ነው።

ቁጥር 21 ሁሉንም አስታረቀ። አስቦ አይመስለኝም። ክፍለ ሀገር ሲማር ያስተማሩትን ሕንዳዊት የሒሳብ መምህር አነሣ። ነጭ ሳሪ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ይለብሱ ነበር። ተማሪዎቹ የእኛን ቀሚስ ለብሰው የመጡ መስሏቸው አጨበጨቡ። በንጉሡና በደርግ ዘመን በየአውራጃው ሕንዳውያን መምህራን እንደነበሩ የማያስታውስ የዚያ ትውልድ ሰው የለም። ብዙዎቹ የደቡብ ሕንዷ ግዛት የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ያ ነጭ በወርቅ ጠርዝም የኬረላ ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉም የየራሱን መምህር ስም እየጠራ አሥር ያህል ትንንሽ አስተያየት ተደረደረ፤ ስሞቹን አልጽፍም። አንዱ ብቻ ቁም ነገር ጨመረ። በኬረላ ቼንዳማንጋላም የምትባል የሸማኔ መንደር አለች። ቤተ መቅደስ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ምኩራብ ተቀራርበው የቆሙባት ናት። በነሐሴ 2018 ጎርፍ መሸመኛዎቹን ዋጠ። ለበዓል የተዘጋጀው ጨርቅ ጭቃ ውስጥ ገባ። የቆሸሸውን ጨርቅ አጥበው ቼኩቲ የሚባሉ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ሠርተው ሸጡት፤ ገንዘቡም ሸማኔዎቹን አነሣ።

ቁጥር 22 ወደ ጥያቄው መለሰን። አነጋገሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ይቆረጥማል። ሁላችሁም እጅ ነው ማሽን ነው ትላላችሁ፤ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም አለ። ብዙው ሸማኔ የራሱ ሐር የለውም። ክሩን የሚሰጠው አሠሪ ነጋዴ ነው። ሸማኔው የሚከፈለው በቁራጭ ነው። ሳሪው ከተማ ሱቅ ደርሶ በስንት እንደሚሸጥ እሱን አይመለከተውም። በጎን ደግሞ የእሱን ስዕል ያተመ ፋብሪካ በትንሽ ዋጋ ይሸጣል። የ2009-10 የሕንድ ቆጠራ በእጅ ሽመና የሚተዳደሩ ሠራተኞችን ከ4.3 ሚሊዮን በላይ ብሎ ነበር። በ2019-20 ወደ 3.5 ሚሊዮን ወረደ። ከእነዚህ ከ10 ከ7 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ልጆቹ ሃይደራባድ ሄደው ታክሲ መንዳትና የቢሮ ሥራ ይመርጣሉ። ያ ማሽን ባይኖር ኖሮ፣ ይላል ቁጥር 22፣ ያ ቤትም ሽመናውን ትቶ ነበር፤ አሱ የሚቀመጥለት ሰው ስለማይገኝ።

እና አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ሸማኔው መጋረጃውን ለምን የመለሰው ይመስላችኋል? ነውር ስለሠራ አይደለም። ገዢ ሁሉ ሞተር ሲያይ ዋጋ ስለሚቀንስ ነው። እንግዳ የሚከፍለው ለጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ላየው ድካምም ይከፍላል። ሰውየው ይህን ያውቃል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ማሌሻም ማሽኑን የሠራው ከደንበኛ ደብቁት ብሎ አይደለም። መጋረጃውን የሰቀልነው እኛ ገዢዎቹ ነን።

ቁጥር 23 ጠያቂዋ ራሷ ናት። ሳሪውን ገልብጣ አየችው፤ ፊትና ጀርባው አንድ ነው። ዳሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎቹም አሉ። ፎቶውንም ለጠፈች። ሐምራዊ ላይ ነጭ የአልማዝ ቅርጽ ነው፤ ያምራል። ማሽኑን በተመለከተ ሐሳቧን ለውጣ እንደሆነ አልተናገረችም። የጻፈችው ሌላ ነው። ሰውየው መጋረጃውን ከመመለስ ይልቅ ገልጦ ቢያሳያት ኖሮ ሁለት ትገዛ እንደነበር ነው። ቁጥር 22 ከሥሩ፣ አሁን ስለተነገረሽ ነዋ፣ ያን ቀን ግን አትገዢም ነበር ብሎ መለሰላት። በዚህ ላይ አልተስማሙም። ሁለቱም ጨዋ ሆነው ተለያዩ። ቁጥር 11 ብቻ ብቅ ብላ፣ የማሌሻም እናት ላክሽሚ በስማቸው ማሽን መሰየሙ ደስ እንዳላት ጻፈችና ወጣች።

ቁጥር 24 ከጅዳ የሚጽፍ ሰው ነው። በሐምሌ ሃይደራባድ ሊሄድ ነው፤ ፖቻምፓሊ ጎራ ቢል ሽመናውን ያየዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 25፣ ያው የኦስማኒያው ሰው፣ አይመከርም አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያም ክረምት ነው። የተነከረው ክር አይደርቅም፤ መሸመኛው የሚቆምበት ጉድጓድ ውኃ ይቋጥራል። ብዙ ቤት በዝናቡ ወራት ሥራ ያቆማል ወይ ይቀንሳል። ከጥቅምት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ጊዜ ማሸጋገር ካልቻለ ደግሞ ዝናብ ባልጣለበት ቀን ጠዋት በጊዜ ይግባ፤ ያኔ ክሩ ደጃፍ ላይ ተሰጥቶ ያገኘዋል። ታክሲውንም ከሃይደራባድ ደርሶ መልስ ተስማምቶ ይያዝ፤ ከመንደሩ መመለሻ ማግኘት ያስቸግራል።